ጎብኚ በልውውጥ ይመጣል?

ጥያቄ፦ የሀበሻ ቀሚስ የምሸጥበት ድረ ገጽ አለኝ፤ ጎብኚ ግን የለውም። የጉብኝት መለዋወጫ ሳይት ላይ ልመዝገብ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይቅርብሽ። ያገለገሉ መጻሕፍት ስሸጥ እኔም ሞክሬዋለሁ። የሰው ገጽ ከፍቼ ቆጣሪው ከ20 ሰከንድ ወደ 0 እስኪወርድ እጠብቃለሁ። ነጥብ ይሰጠኛል፤ በነጥቡ የኔ ገጽ ለሌላው ይከፈታል። የጎብኚው ቁጥር ሽቅብ ወጣ። የደወለ ግን አንድም ሰው የለም። ከየት ይደውላል? የሱም ዓይን ቆጣሪው ላይ ነው!

ገጽሽ ላይ የጉግል አድሴንስ ማስታወቂያ (ጉግል አውጥቶ ለባለ ገጹ የሚከፍልበት) ካለሽ ደግሞ ይብሳል። ደንቡ እንዲህ ያለውን ጉብኝት ይከለክላል፤ አካውንትሽ ሊዘጋ ይችላል።

ይልቅ የጥልፉን ፎቶ በቀን ብርሃን፣ ቀረብ ብለሽ አንሺ። ክሩ ይታይ። ዋጋውን አትደብቂ፤ “በውስጥ መስመር” የሚለው ነገር ገዢ ያባርራል። ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ለድሮ ደንበኞችሽ ላኪላቸው።