ድምፁን ከታች ወርደሽ ስሚው

እህቴ፣ እዚህ ግሩፕ ላይ የጻፍሽውን ጥያቄ አነበብኩት። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ስድስተኛ ፎቅ ላይ ትኖሪያለሽ። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉሽ። ከታችሽ ያለው ጎረቤት ጣራውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባል። በብሎኩ ቴሌግራም ላይም «ስድስተኛ ፎቅ ፈረስ ያረባሉ» ብሎ ጽፎብሻል። አንቺ ደግሞ «ልጆቼ ክንፍ ያውጡ ወይስ ቤቱን አከራይቼ ልውጣ?» ብለሻል። የፈረሱ ነገር ትንሽ አሳቀኝ፣ ይቅርታ።

ብዙዎቻችሁ «ተይው፣ ሲወልድ ይገባዋል» ብላችኋታል። አልስማማም። እኔ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ልጆች አሳድጌያለሁ። ከታቻችን ያሉት እማማ ጡረታ የወጡ ናቸው፣ እንቅልፋቸውም ቀላል ነው። ስሞታው እኛም ቤት መጥቷል። ነገሩን የፈታው ይቅርታ መጠየቅም፣ መከራከርም አልነበረም። እሳቸው ቤት ተቀምጦ መስማት ነው።

ላይ ያለ ሰው የሚሰማውና ታች ያለ ሰው የሚሰማው በጣም ይለያያል። አንቺ ቤት ትልቁ ጩኸት የልጆቹ ድምፅ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ነው። እነዚህ በአየር የሚሄዱ ድምፆች ናቸው። ወለሉ ባብዛኛው ያስቀራቸዋል። ታች የሚወርደው ሌላ ነው። ወለሉን የሚነካ፣ የሚመታ፣ የሚፋቅ ነገር ሁሉ ኮንክሪቱን ራሱን ያንቀጠቅጠዋል። ያ ደግሞ በጣራና በግድግዳ አልፎ ሰውየው ትራስ ድረስ ይደርሳል። ስለዚህ አንቺ ልጆቹን «ዝም በሉ!» እያልሽ ስትጮሂ፣ እሱን የሚያሳብደው ምናልባት አንቺ ልብ የማትይው የወንበር እግር ነው።

የቤቶቹም አሠራር አያግዝም። በብዙዎቹ የቀድሞ ኮንዶሚኒየሞች ወለሉ የተሠራው ተዘጋጅተው በመጡ ቢሞችና በመካከላቸው በተደረደረ ባዶ ብሎኬት ነው። ከላዩ ስስ ኮንክሪት ይፈስበታል። ርካሽና ፈጣን ነው፣ ቤትም አግኝተንበታል። የእግር ኮቴ ግን አያስቀርም። ከዚያ እኛ ቤቱን ተረክበን መጀመሪያ የምናደርገው ምንድን ነው? ሴራሚክ ማንጠፍ። ሴራሚክ ለጽዳት የሚወዳደረው የለም፣ ለታች ጎረቤት ግን እርግማን ነው። ማንኪያ ስትወድቅ እንኳ ትሰማለች።

ወደ እማማ ልመለስ። አንድ እሑድ ከሰዓት ቡና ሲያፈሉ ወረድኩ። «እማማ፣ ከፈቀዱ አንድ ነገር እንሞክር። እኔ እዚህ እርስዎ ጋ ልቀመጥ። ባለቤቴ ላይ ሆና ቤት ውስጥ የምንሠራውን ሁሉ ትሥራ። የሚረብሽዎትን ይንገሩኝ» አልኳቸው። «ይሁን ልጄ፣ ቡናው እስኪፈላ» አሉኝ። ባለቤቴን በስልክ ያዝኳት።

«ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጊው።» ምንም አይሰማም። «ልጆቹ ይሩጡ።» ዱብ ዱብ ይላል። እማማ ግን እጃቸውን አወናጨፉ፣ «ይሄማ ልጅ ነው፣ ለምጄዋለሁ» አሉ። እኔ ደግሞ ስሞታው ሁሉ በልጆቹ ምክንያት ይመስለኝ ነበር። «ወንበር ጎትቺ።» እማማ ከተቀመጡበት ተነሡ። «ይሄ ነው! ራሴን የሚበጠብጠኝ ይሄ ነው!» ባለቤቴ ቀጥላ ሙቀጫ ወቀጠች። ድምፁ ከጣራው የሚመጣ አይመስልም፣ ከግድግዳው ውስጥ የሚወጣ ነው የሚመስለው። የፕላስቲክ ነጠላ ጫማም በሴራሚክ ላይ ጠፍ ጠፍ ሲል ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

ሌላም ነገር አየሁ። የቤታችን ፕላን አንድ ነው፣ አጠቃቀማችን ግን ይለያያል። እማማ ሳሎናቸውን በችፑድ ከፍለው ግማሹን መኝታ አድርገውታል። እኛ ማታ እራት የምንበላበት ጠረጴዛ በትክክል ከአልጋቸው በላይ ነው። ይህን ላይ ቤት ቁጭ ብዬ በምንም ተአምር አላውቀውም ነበር። ጠረጴዛውን ወደ ሌላኛው ግድግዳ አዞርነው። አንድ ሳንቲም አልወጣበትም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ይሄ ነው። እማማ «ሌሊት ግን የምትወቅጡት ከዚህም ይብሳል» አሉኝ። እኛ ሌሊት አንወቅጥም። እኔ ምዬ እሳቸውም ምለው የትም አንደርስም። ስለዚህ «ሲሰማዎት ሚስኮል ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ደወሉ። እኛ ቤት ሰው ሁሉ ተኝቷል። ወደ ደረጃው ወጥቼ ጆሮዬን ጣል ባደርግ ድምፁ ከእኛ በላይ በጎን በኩል ካለው ቤት ነው። ለቢሮ ሠራተኞች ምሳ የምታቀርብ ሴት ናት። ለነገ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ትወቅጣለች። ድምፁ በኮለኑ (በሕንፃው ምሰሶ) ወርዶ እማማ ጋ ከእኛ የመጣ መስሎ ይሰማል። እንዲህ ያለ ሕንፃ ውስጥ ምንጩን በጆሮ ብቻ መለየት ከባድ ነው። ጎረቤትሽ «አንቺ ነሽ» ሲል ዋሸ ማለት አይደለም፣ እውነቱን ነው ማለትም አይደለም። ለሴትዮዋ ነገርናት። እሷም የመውቀጫ ሰዓቷን ወደ ቀን አዞረችው፣ ከሙቀጫው ሥርም ጆንያ አጥፋ ማንጠፍ ጀመረች።

እንግዲህ ወደ መፍትሔው። ይህ ዓይነቱ ድምፅ መታከም ያለበት ከላይ፣ ከሚነሣበት ነው። ታች ያለው ሰው ጣራው ላይ የእንቁላል ካርቶን ቢለጥፍ ገንዘቡን ነው የሚያባክነው። ካርቶኑ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ትንሽ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ከላይ የሚመጣውን ዱብታ አያቆምም። የጂፕሰም ኮርኒስም ከጣራው ጋር ድርቅ ተደርጎ ከታሰረ ብዙም አይረዳም።

አንቺ ግን በትንሽ ወጪ ብዙ ታደርጊያለሽ። መጀመሪያ የወንበርና የጠረጴዛ እግሮች። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የፕላስቲክ ቆብ ቶሎ ይቀደዳል። እኔ መርካቶ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ የመኪና ጎማ አስቆርጬ ነው የለጠፍኩት። ሳሎን ላይ ምንጣፍ። ስሱ ምንጣፍ ለዓይን እንጂ ለጆሮ አይጠቅምም። ከሥሩ ስፖንጅ ወይም አሮጌ ሞኬት ስትጨምሪበት ነው ልዩነቱ የሚሰማው። ቤቱን ሁሉ መሸፈን አያስፈልግሽም። ልጆቹ የሚዘሉበትን ቦታና ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን የሚሮጡበትን መተላለፊያ ብቻ ሸፍኚ። ቤት ውስጥ ለስላሳ ጫማ። ታኮ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ሙቀጫ በፍጹም ባዶ ሴራሚክ ላይ አይቀመጥ፣ ቡናውንም ከመሸ በኋላ ከሆነ በመፍጫ ፍጪው። ቡና ጠጪዎች ጣዕሙ ይለያል ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ቀን ውቀጡት።

ልብስ ማጠቢያ ማሽን ካለሽ ከግድግዳው አርቀሽ ጎማ ላይ አስቀምጪው። ውሃ በፈረቃ ሆኖ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሚመጣባቸው ብሎኮች ደግሞ ጣጣቸው ብዙ ነው። ጀሪካን መጎተት፣ በርሜል መሙላት፣ «ውሃ መጣ!» ብሎ ቤተሰብ መቀስቀስ። እዚህ ላይ ማንም ማንንም መክሰስ አይችልም፣ ሁሉም ነቅቷል። ቢሆንም ጀሪካኑን አንሥታችሁ ተሸከሙት እንጂ አትጎትቱት።

ልጆቹን በተመለከተ፣ ትንሽ ልጅ ቀስ ብሎ አይሄድም። አትድከሚ። በቀን ግቢ ወርደው ይድከሙ። ቤት ውስጥ ኳስ ይቅር። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሩጫ ይቁም። ይህን ሰዓት ከሜዳ አላመጣሁትም። በአገራችን የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ሌሊት የሚባለውም ከምሽቱ 3 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ያለው ነው። ለልጅ ሩጫ መለኪያ ይዞ የሚመጣ ባለሥልጣን እንደሌለ አውቃለሁ። ግን ከጎረቤት ጋር ሰዓት ስትነጋገሪ «እኔ ነኝ ያልኩት» ከማለት ይሻላል።

ሕጉንም ጠይቀሻል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 አለ። ባለቤት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳይጎዳ፣ ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጢስ፣ ሽታ፣ ድምፅም ሆነ ንቅናቄ እንዳያመጣ ይከለክላል። ልብ በይ፣ ድምፅ አታሰሚ አይልም። ከመጠን ያለፈውን ነው የሚከለክለው፣ የአካባቢው ልማድም ይታያል ይላል። በእኔ አረዳድ ከሰዓት በኋላ ቡና መውቀጥ ልማድ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ አይደለም። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደግሞ የቤት ባለቤቶች ማኅበርን ያቋቋመ ነው፣ ማኅበሩም መተዳደሪያ ደንብ ይኖረዋል። የእናንተን ብሎክ ደንብ ከኮሚቴው ጠይቂና አንብቢው። ብዙ ሰው ፈርሞበት አንብቦት አያውቅም።

ቴሌግራሙ ላይ መልስ እንዳትጽፊ። እዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ስትጽፊ መላው ብሎክ ዳኛ ይሆናል፣ ሰውየውም ለሰው ዓይን ሲል አይመለስም። ጣራው ሲደበደብም በዚያው ሰዓት አትውረጂ። እሱም ተናዷል፣ አንቺም ተናደሻል። በማግሥቱ ቀን ላይ፣ ከባለቤትሽ ጋር ወይም ሁለታችሁንም ከሚያውቅ ሰው ጋር ሂጂ። «ምን ሰዓት ነው የሚተኙት? መኝታዎ የትኛው ክፍል ነው?» ብለሽ ጀምሪ። ነገሩን የሚፈቱት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ምናልባት የሌሊት ተረኛ ሠራተኛ ሆኖ ቀን ይተኛ ይሆናል። ስልክሽን ስጪው፣ «ከመደብደብ ይደውሉልኝ» በይው። በዓል ሲሆን፣ እንግዳ ሲበዛ፣ ሴራሚክ ሲነቀል ቀድመሽ ንገሪው። የተነገረ ጩኸት ካልተነገረው በጣም ያጥራል። ለቅሶ ሲሆን መንገርም አያስፈልግም። ሌሊቱን ሙሉ ወንበር ቢጎተት አንድም ሰው ትንፍሽ አይልም፣ እንዲያውም የራሱን ወንበር ይዞ ይመጣል።

ይህን ሁሉ አድርገሽም ጠዋት 4 ሰዓት ላይ «ለምን ተራመዳችሁ» ካለሽ፣ እዚያ ላይ ቁሚ። በቤትሽ መራመድ መብትሽ ነው። ማታውን ስጪው፣ ቀኑን አትስጪው። ስድብ ወይም ዛቻ ከመጣ ጉዳዩ የድምፅ መሆኑ ቀርቷል። ለኮሚቴው በጽሑፍ አስታውቂ፣ ዛቻ ከሆነ ደግሞ ፖሊስ ጋ ሂጂ።

ቤቱን አከራይቶ መውጣቱን ለጊዜው ተይው። የምትከራዪው ቤት ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሚሆን፣ ከላይሽ ማን እንደሚኖር በምን ታውቂያለሽ? በዚህ ሳምንት ወርደሽ ለመስማት ሞክሪ። እሱ ቤቱ ካላስገባሽ የኮሚቴው ሰብሳቢ አብሮሽ ይግባ። ከዚያ የትኛው ድምፅ እንደሆነና ወለልሽ ሴራሚክ ይሁን ሲሚንቶ ጻፊልን። እዚህ ፊኒሺንግ የሚሠሩ ልጆች አሉ፣ ከሥሩ ምን ቢነጠፍ እንደሚሻል እነሱ ይነግሩሻል።