እንጨት ለምትቀርጹ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

እንጨት ቀርጻችሁ፣ ቀለም ቀብታችሁ ወረቀት ላይ ለምታትሙት ሥዕል ንድፋችሁን ይዛችሁ ስትመጡ የእርሳስ መስመራችሁ ያምራል። ስትቀርጹ ግን ያንኑ መስመር ተከትላችሁ ትሄዳላችሁ፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። እንጨት ላይ እጃችሁ የሚሠራው ነጩን ነው። መቅረጫው ያነሳው ቦታ ቀለም አይነካውም፤ ጥቁሩ ሳትነኩት የተዋችሁት ነው። ስለዚህ ጣውላውን አስቀድማችሁ አጥቁሩት፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚገባ ወስኑ፣ ከዚያ ቅረጹ።

ይህን ለመማር ኤክስ ሊብሪስን፣ የመጽሐፍ ባለቤት ምልክትን ማለቴ ነው፣ የሚያህል ሥራ አላገኘሁም። በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ወረቀት ነው፤ በጥቁርና ነጭ ሲሠራ ግራጫ የለው፣ መደበቂያ የለው። ከ500 ዓመት በፊት ጀርመናዊው አልብሬኽት ዱረር ለወዳጁ ለቪሊባልት ፒርክሃይመር በእንጨት ቅርጽ አንድ ሠርቶለታል። ላዩ ላይ መጻሕፍቱ «ለራሱና ለወዳጆቹ» እንደሆኑ በላቲን ተጽፏል። እንዴት ያለ ልብ ነው! በእኛ ብራናዎች ደግሞ ባለቤቱ ስሙን ካሰፈረ በኋላ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ» ብሎ የሚሰርቀውንና የሚፍቀውን ያወግዛል። ምልክት ሥሩልኝ የሚላችሁን ሰው መጽሐፉን ያውስ እንደሆነ፣ ይሰስት እንደሆነ ጠይቁት። ንድፉ ከመልሱ ይወጣል።

እንጨት ቀርጾ ማተም ለአዲስ አበባም እንግዳ አይደለም፤ ጀርመን የተወለደው ቀራጭ ሀንሰን ባሂያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤታችን የእንጨት ቅርጽ አስተምሯል።

ፊደል ላይ ሳላስጠነቅቃችሁ አላልፍም። የቀረጻችሁት ሁሉ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይታተማል። «ቡ» በቀኝ የምትዘረጋው ቅጥያ ጣውላው ላይ በግራ መውጣት አለባት። «ባ»ን ሳትገለብጡ ብትቀርጿት ረጅሟ እግር ቦታ ትቀይርና «ቦ» ሆና ትወጣለች፤ የሰውየው ስም ተበላሸ ማለት ነው። ስሙን ስስ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ጽሑፉን ወደ ታች ደፍታችሁ ጣውላው ላይ ለጥፉት፣ መቅረጫ ከማንሳታችሁ በፊት በመስታወት አንብቡት። ፊደሉ ደቃቅ ከሆነ ግንዱ በአግድም የተቆረጠበትን ገጽ ተጠቀሙ፤ እዚያ ላይ የእንጨቱ ጅማት ስለቱን ወደ ጎን አይስበውም። ለስላሳ እንጨት ግን ቀጭን መስመር አይሸከምም፣ ተሸርፎ ይቀራል።

ስታትሙ ቀለሙን በሮለር በስሱ ቀቡ። ከበዛ የቀረጻችሁት ጉድጓድ ይሞላና ነጩ ይጠፋል። ማተሚያ ማሽን ከሌላችሁ ወረቀቱን በማንኪያ ጀርባ ከመሃል ወደ ዳር እሹት። ባለቤቱንም በስንዴ ስታርች ሙጫ እንዲለጥፈው ንገሩት፤ ማስነሳት ቢያስፈልግ በውሃ ይለቃል። አሮጌ ብራና ላይ ግን ምንም አይለጠፍ።