ስቴልቪዮን በሳይክል መውጣት፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ሰላም ወዳጆች። የምኖረው ሰሜን ጣሊያን፣ ቦልዛኖ ነው። እዚሁ አልፕስ ተራሮች ላይ ያለውን የስቴልቪዮን በር በሳይክል ዘጠኝ ጊዜ ወጥቼዋለሁ። «በር» የምለው እንደ ጣርማ በር ተራራው የሚታለፍበትን ቦታ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ቃል የለንም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ወደ ጥያቄዎቻችሁ።

ጥያቄ፦ ሙኒክ ነው የምኖረው። ሳይክል ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ስቴልቪዮ ለኔ አይከብድም?

ይከብዳል፤ ግን ትወጪዋለሽ። ከፕራቶ መንደር እስከ በሩ 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንደሩ 915 ሜትር ላይ ነው፣ በሩ ደግሞ 2,757 ሜትር ላይ። በየመቶ ሜትሩ በአማካይ ሰባት ሜትር ተኩል ያህል ትወጫለሽ። ሰውን የሚጨርሰው አለማባራቱ ነው። ተንፈስ የምትይበት ሜዳ የለም ማለት ይቻላል።

መፍትሔው ቀስ ብሎ መጀመር ነው። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ከጎንሽ ካለ ሰው ጋር እያወራሽ መሄድ ካቃተሽ ፈጥነሻል። በሰዓት 600 ሜትር ከፍታ ብትወጪ ሦስት ሰዓት ይፈጅብሻል። ሦስት ሰዓት የሚያሳፍር ሰዓት አይደለም።

ኩርባዎቹ 48 ናቸው። ቁጥራቸው ተጽፎባቸዋል፤ ታች 48 ይላል፣ ጫፍ ላይ 1። ፍራንዘንስሆሄ የምትባል ቦታ፣ 2,188 ሜትር ላይ ስትደርሺ ዛፉ አልቆ የቀረው መንገድ በሙሉ ከፊትሽ ይታያል። ገደል ላይ እንደተጣጠፈ መቀነት ነው። ገና 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ወይ ልቡ ይወድቃል ወይ በእልህ ይፈጥናል። ሁለቱንም አታድርጊ። ቀጣዩን ቁጥር ብቻ እያየሽ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ማርሹስ? የኔ ሳይክል የኋላው ትልቁ 28 ጥርስ ነው።

ቀይረው። ፊት 34፣ ኋላ 34 ቢሆንልህ እግርህ በደቂቃ 70 ዙር እየዞረ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለህ። በ28ቱ ግን ያንኑ 70 ዙር ለመያዝ በሰዓት ወደ 11 ኪሎ ሜትር መሄድ አለብህ። ሁለት ሰዓት ከወጣህ በኋላ ያ ፍጥነት አይኖርህም። ከዚያ ፔዳሉን በክብደትህ መርገጥ ትጀምራለህ፣ ማታ ጉልበትህን ያምሃል። ሳይክል ጠጋኙ የኋላውን ጥርስ ሲቀይርልህ ካቴናው ርዝመቱ ይበቃ እንደሆነ እንዲያይልህ ንገረው።

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። ከፍታው አይጠቅመኝም?

ከወጣህ ስንት ጊዜህ ነው? አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚያ የሚኖር ሰው ደሙ ለቀጭን አየር የተዘጋጀ ነው። ያ ትርፍ ቀይ የደም ሕዋስ ግን ቆላ ከወረድክ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ለምሳሌ ሚላን አሥር ዓመት ከኖርክ በዚህ በኩል ብዙም አትተማመን። በሩ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ከ2,000 ሜትር ካለፍክ ራስህን ሳትወቅስ ፍጥነትህን ቀንስ።

ጥያቄ፦ ወጥቼ በመጣሁበት ከምመለስ ዙሪያውን የምሄድበት መንገድ አለ? መንደሮቹንም ማየት እፈልጋለሁ።

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! አለ፤ ከማውቃቸው የአንድ ቀን መንገዶች ሁሉ የምወደውም እሱን ነው። 60 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል።

ከፕራቶ ወደ ስቴልቪዮ ወጥተህ በማዶው፣ ወደ ቦርሚዮ ከተማ በሚወስደው በኩል ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ትወርዳለህ። ከዚያ ወደ ቀኝ የኡምብራይል በር አለ፣ 2,501 ሜትር ላይ። እሱን ስታልፍ ስዊዘርላንድ ገባህ። መታወቂያህን ወይም የመኖሪያ ፈቃድህን ያዝ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቅ የለም፤ ከጠየቁህ ግን «ሆቴል ረሳሁት» አያዋጣም። ስልክህም ሮሚንግ ሊቆጥርብህ ስለሚችል ካርታውን ቀድመህ አውርድ።

ቁልቁል ሳንታ ማሪያ፣ ቀጥሎ ሙስታይር። እዚህ ሸለቆ የሚነገረው ሮማንሽ ነው፤ ሰላምታው «አሌግራ» ነው። ሞክረው፣ ፊታቸው ይፈካል። ሙስታይር ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራ ነው። በ1983 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ግድግዳው ላይ በ800 ዓ.ም. አካባቢ የተሳሉ ሥዕሎች አሉ። ለዘመናት በሌላ ቀለም ተሸፍነው ኖረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው እንደገና የተገለጡት። መነኮሳይያቱ ዛሬም እዚያው ይኖራሉ። የሳይክል ጫማ ድንጋይ ላይ ስለሚንኳኳ አውልቀህ በካልሲ ግባ። እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ከሙስታይር ቁልቁል ወደ ጣሊያን ስትመለስ በካልቨን ታልፋለህ። በ1499 የግራውቡንደን (የዛሬዋ ምሥራቅ ስዊዘርላንድ) ሰዎች የኦስትሪያን ገዢ ቤተሰብ የሀብስበርግን ጦር ያሸነፉት እዚህ ነው። ከድሉ በኋላ በመንገድህ ላይ ያለችውን ግሎሬንሳን አቃጠሏት። ከተማዋ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግንቧን አዲስ ሠራች፤ ያ ግንብ ዛሬም ዙሪያውን ሙሉ ቆሟል፣ ሦስት በሮችም አሉት። ሕዝቧ 900 ገደማ ብቻ ነው። የሐረርን ጀጎል ያየ ሰው ስሜቱ ይገባዋል፤ ግንቦቹም የአንድ ክፍለ ዘመን ልጆች ናቸው። ቡናህን እዚያ ጠጣ። ፕራቶ ከዚያ ቅርብ ናት።

አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ መንደሮች የቆሙት የተራራ በሮቹ ስላሉ ነው፤ ነጋዴው፣ ጨው ጫኙ፣ ወታደሩ ሁሉ በዚህ ነበር የሚያልፈው። ራሱ የስቴልቪዮ መንገድ ከ1820 እስከ 1825 የተሠራው የኦስትሪያ መንግሥት አዲስ የያዘውን የሚላንን አካባቢ፣ ሎምባርዲን፣ ከነባር ግዛቱ ከቲሮል ጋር ለማገናኘት ነው። መሐንዲሱ ካርሎ ዶኔጋኒ ይባላል። ሊማሊሞን በአውቶቡስ የወረደ ሰው ኩርባ መሥራት ምን ያህል ጥበብ እንደሚጠይቅ ያውቃል።

ጥያቄ፦ ዳገቱን አልፈራም፤ ቁልቁለቱን ነው የምፈራው።

ልክ ነሽ፣ መፍራት ያለብሽም እሱን ነው። ዳገት ላይ ከደከመሽ ትቆሚያለሽ። ቁልቁለት ላይ ስህተት ሁለተኛ ዕድል ላይሰጥሽ ይችላል።

ኡምብራይል በ13 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ1,100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ያንን ሁሉ ጉልበት ወደ ሙቀት የሚለውጠው በአብዛኛው ፍሬንሽ ነው። ፍሬኑን ሳትለቂ እየያዝሽ ከወረድሽ ማቀዝቀዣ ጊዜ አያገኝም። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ቸርኬው ግሎ ካላማዳሪው ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ከኩርባው በፊት፣ ሳይክሉ ቀጥ እንዳለ፣ ሁለቱንም ፍሬን ጠንከር አድርገሽ ያዢ። ከዚያ ልቀቂና ታጠፊ። ኩርባው መሐል ላይ አትያዢ። ዓይንሽ መውጫውን ይይ፤ ሳይክል ዓይን ወዳየበት ነው የሚሄደው። ገደሉን ካየሽ ወደ ገደሉ ነው።

ሌላው ብርድ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ፕራቶ 28 ዲግሪ ከሆነ ጫፉ 16 አካባቢ ነው፣ አንቺ ደግሞ በላብ ርሰሻል። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ጓንት ሳልይዝ ወጣሁ። ስወርድ አምስተኛው ኩርባ ላይ ጣቶቼ ፍሬኑን መያዝ አለመያዛቸውን ማወቅ አቃተኝ። ቆሜ እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ አሥር ደቂቃ ተንቀጠቀጥኩ። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ጓንትና ንፋስ የማያስገባ ጃኬት ሳልይዝ ወጥቼ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ፍልሰታ በጋቸው መሐል ነው የሚውለው። እየጾምኩ መውጣት እችላለሁ?

ትችላለህ፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ቅዳሜ ወይም እሁድ አድርገው፣ በእነዚህ ቀናት እስከ ሰዓት መቆየት የለምና። ምንም ሳትቀምስ ግን ይህን ዳገት አትጀምር። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልግሃል። እኔ በሶ በጭብጦ አድርጌ፣ ትንሽ ጨው ጨምሬ በኪሴ እይዛለሁ። የሸለቆው አጃ ዳቦም ይጾማል፤ ግን ወተት ወይም ቅቤ እንደሌለበት ጠይቅ። የአካባቢው አፕሪኮት በበጋ እጅግ ጣፋጭ ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 63 ነው። በኤሌክትሪክ ሳይክል ብወጣ ማታለል ነው?

በፍጹም ማታለል አይደለም፣ አባባ። መጀመሪያ ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ከፈቀደ ይውጡ። ባትሪውን ታች ሳሉ በትንሹ ይጠቀሙ፣ ዋናው ሥራ ከላይ ነውና። ሲወርዱ ደግሞ ሳይክሉ ከባድ ስለሆነ ከሌላው ሰው ቀድመው ፍሬን ይያዙ።

ጥያቄ፦ ከኛ አካባቢ ሰው በእነዚህ ተራሮች ተወዳድሮ ያውቃል?

አዎ። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ከጎረቤት ኤርትራ ዳንኤል ተክለሃይማኖት በ2015 የተራራ ወጪዎቹን ነጠብጣብ ማሊያ ለብሷል፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ነው። ሌላው ኤርትራዊ ቢንያም ግርማይ በዚያው ውድድር በ2024 ሦስት ዙር አሸንፎ የነጥብ መሪውን አረንጓዴ ማሊያ ወስዷል። ስቴልቪዮን ራሱን ታላቅ ያደረገው ግን ጣሊያናዊው ፋውስቶ ኮፒ ነው። በ1953 በጣሊያን ዙር ውድድር፣ በጂሮ ዲታሊያ፣ እዚህ ዳገት ላይ ስዊዘርላንዳዊውን ኮብሌትን ጥሎ ሄደ፣ የውድድሩንም አምስተኛ ድሉን ወሰደ።

ጥያቄ፦ መቼ ልምጣ?

በሩ ብዙውን ጊዜ ከሜይ መጨረሻ ወይም ከጁን መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ገደማ ክፍት ነው። በረዶ ከጣለ ግን በበጋም ለሰዓታት ሊዘጋ ስለሚችል ጠዋት አጣሩ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት ከፕራቶ ተነሱ፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ሞተር ሳይክሉ አያስኬድም። በዓመት አንድ ቀን፣ በኦገስት መጨረሻ ወይም በሴፕቴምበር መጀመሪያ አካባቢ፣ መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ለሳይክል ብቻ ይሆናል። ያን ቀን እኔም እኖራለሁ። ጫፉ ላይ ቋሊማ የሚሸጥበት ጋ ጠብቁኝ፤ ለጿሚው በሶ እይዛለሁ።