ባለቤቴ ለልጆቹ ውሻ ቃል ገባ፤ አማቴ «ውሻው ሲገባ እኔ እወጣለሁ» አሉ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ደሴ ነው። የ10 ዓመት ሴት ልጅና የ4 ዓመት ወንድ ልጅ አለን። አማቴም ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከእኛ ጋር ናቸው። ባለቤቴ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ጎልደን ሪትሪቨር ለሚባል ቡችላ ቀብድ ከፍሎ መጣ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ይረከበዋል። እኔን አልጠየቀኝም፤ ለልጆቹ ግን ነግሯቸዋል። አማቴ ‹ውሻ ባለበት ቤት አልሰግድም፤ እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ› አሉ። ልጄ አያቷን ማናገር ተወች። ትንሹ መንገድ ላይ ውሻ ሲያይ እየተንቀጠቀጠ እግሬ ላይ ይጠመጠማል። ባለቤቴ ‹ለልጅ የገባሁትን ቃል አላጥፍም› ይላል። ሁሉም የእኔን ፊት ያያል። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የመጨረሻውን ልንገርሽ። ቡችላው በሦስት ሳምንት ውስጥ አይምጣ። ጭራሽ አይምጣ ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ግን አይምጣ።

ቤታችሁ ውስጥ ውሻና ሶላት የተጣሉ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሁሉንም የሚነካ ጉዳይ አንድ ሰው ብቻውን ወሰነ። የቀራችሁት እሱን ፊት ለፊት መናገር ስለከበዳችሁ እርስ በርስ ተያያዛችሁ። ልጅሽ ያኮረፈችው ሳይማከር ቃል የገባላትን አባቷን ሳይሆን አያቷን ነው። አማትሽም ልጃቸውን መቆጣት ትተው «እወጣለሁ» አሉ። አንቺ ደግሞ መሃል ቆመሽ የእናትን ቅሬታ ለልጅ፣ የልጅን መልስ ለእናት ታመላልሻለሽ። ከዛሬ ጀምሮ ይህን ማመላለስ ተዪ። «እሱን ራስህ ንገራቸው»፣ «እሱን ለልጅዎ ይንገሩት» ማለት ክፋት አይደለም።

ባለቤትሽን ልጆቹ ተኝተው፣ አማትሽም ኢሻ ሰግደው ክፍላቸው ከገቡ በኋላ አነጋግሪው። ከውሻው አትጀምሪ። «ልጆቹን ለማስደሰት ብለህ እንዳደረግከው አውቃለሁ። እኔን ሳትጠይቅ፣ እናትህን ሳታማክር ለልጆቹ መናገርህ ግን አሳዝኖኛል። አሁን እምቢ የሚሉት እኔና እናትህ መጥፎ ሆነን ታየን» በይው፤ ከዚያ ዝም ብለሽ አድምጪ። «አንተ ሁልጊዜ እንዲህ ነህ» ካልሽው ሰውየው ስለ ቡችላው ሳይሆን ስለ ክብሩ መከራከር ይጀምራል፤ የዚያ ሌሊት ጨዋታም እዚያው ያበቃል።

ወደ እናቱ የሚሄደው እሱ ነው፤ አንቺ አይደለሽም። ብቻውን፣ ቡና ላይ፣ ለማሳወቅ ሳይሆን ለመጠየቅ ይሂድ። «እማ፣ ሳላማክርሽ ነው ያደረግሁት፤ አንቺ ምን ትያለሽ?» ብሎ የሚሉትን እስከ መጨረሻው ይስማ። በሃይማኖት አይከራከራቸው። ወሎ ውስጥ ብዙዎች በሚከተሉት በሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ አካሄድ) የውሻ ምራቅ ነጃሳ፣ ማለትም ለሶላት የሚያረክስ ነው፤ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱም አንዱ በአፈር ይታጠባል። ውሻ ባለበት ቤት መላኢካ አይገባም የሚለውንም ሐዲስ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሰሙት ነው። ለከብት ጥበቃ፣ ለአደንና ለእርሻ የሚያዝ ውሻ እንደሚፈቀድም ያውቃሉ፤ እሳቸውን ያስጨነቃቸው ከመስገጃቸው አጠገብ የሚመላለስ ውሻ ነው። እንግዲህ «አልሰግድም» ማለታቸው ሰበብ አይደለም። እሳቸውን ለመርታት ሲባል ሸኽ ፈልጎ ማምጣት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ራሳቸው መጠየቅ ከፈለጉ ማንን እንደሚጠይቁ ያውቃሉ።

የውሻው ዓይነትም ለአማትሽ ጭንቀት ምክንያት ይሰጣል። ጎልደን ሪትሪቨር በስኮትላንድ የተዳቀለው ከ1868 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። የተዳቀለበት ዓላማ ተመትቶ ውኃ ላይ የወደቀን ወፍ ሳይጎዳ በአፉ ይዞ ለጌታው እንዲያመጣ ነው። በአፍ መያዝ ተፈጥሮው ስለሆነ ጫማ፣ ነጠላ፣ ካልሲ፣ ሙሰበሃም (የሶላት መቁጠሪያ) ቢሆን ያገኘውን አንስቶ ደስ ብሎት ያመጣልሻል። በቁጣ አይተውም። ጸጉሩ ዓመቱን ሙሉ ይረግፋል፤ በዓመት ሁለቴ ደግሞ በብዛት። ሲያድግ ወንዱ ከ29 እስከ 34 ኪሎ፣ ሴቷ ከ25 እስከ 29 ኪሎ ይመዝናሉ። ፎቶ ላይ ያያችሁት ትንሽ ቡችላ በዓመቱ ይህን ያህላል።

ብዙ ቤት «እሺ፣ ግቢ ይታሰር» ተብሎ ይታረቃል። እዚህ ላይ አልስማማም። ይህ ዝርያ ከሰው ጋር ሲውል ብቻ ነው ሰላም የሚያገኘው። ቀኑን ሙሉ ከታሰረ ይጮኻል፣ ይቆፍራል፣ ያገኘውን ያኝካል፤ ሲፈታ ደግሞ ልጆቹ ላይ እየዘለለ ይጥላቸዋል። ያኔ «ይኸው፣ አላልኩም?» የሚለው ንግግር ይመጣል። ለሁለት ወር ቡችላ ደግሞ የደሴ ሌሊት ብርድ ነው፤ ጅብ በሚዞርበት ሰፈር ከሆነም ግቢ ማሳደር አይታሰብም።

የሚያስኬደው አንድ መንገድ ይታየኛል። በግቢያችሁ ሰርቪስ ቤት ወይም ከዋናው ቤት የተለየ፣ በራሱ በር ወደ ውጭ የሚወጣ ክፍል ካለ የውሻው ቦታ እሱ ይሁን፤ ወለሉም ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ይሁን። የአማትሽ ክፍል፣ ሳሎኑና ውዱእ የሚያደርጉበት (ለሶላት የሚታጠቡበት) ቦታ በፍጹም የእሱ አይሁኑ፤ ድንበሩን የሚወስኑት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ቡችላውን የሚይዝ ሰው የተለየ ልብስና ነጠላ ጫማ በዚያ ክፍል በር ላይ ያስቀምጥ፣ ሲወጣ እጁን ይታጠብ። ባለቤትሽም የመጀመሪያዎቹን አሥር ሌሊቶች ገደማ እዚያ ክፍል ፍራሽ አንጥፎ ይደር፤ ከእናቱ የተለየ ቡችላ ብቻውን ከተተወ ያለቅሳል፣ ሰፈሩንም አያስተኛም። እንዲህ ያለ ክፍል ከሌላችሁ፣ ወይም አማትሽ ይህን ሁሉ ሰምተውም እምቢ ካሉ፣ ውሻው አይምጣ። አሮጊት እናትን ከልጃቸው ቤት የሚያስወጣ ቡችላ ለልጆቹም ደስታ አይሆንም።

ከዚያ በፊት ግን ያለ ውሻ አንድ ወር ተለማመዱ። ይህን ምክሬን በተለይ አደራ እላለሁ፤ «ሁሉም የእኔን ፊት ያያል» ያልሽው ነገር የሚታየው እዚህ ነውና። የሁለት ወር ቡችላ ሽንቱን የሚይዘው ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ባለቤትሽ ሌሊት 6 ሰዓትና 9 ሰዓት ላይ ተነስቶ ግቢ ወጥቶ ይግባ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ልጅሽ አንድ የግቢ ጥግ ትጥረግ። ቡችላ እስከ አራት ወሩ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይበላል፤ ስለዚህ ቀን ላይ ቤት የሚገኘው ማን እንደሆነ በወረቀት ይጻፍ። ማታ ደግሞ ዝናብም ቢሆን አባትና ልጅ በእግር ወጥተው ይመለሱ፤ ያደገው ውሻ በቀን ቢያንስ አንድ ሰዓት መንቀሳቀስ አለበት። በወረቀቱ ላይ ያንቺ ስም ከፈለግሽው በላይ አይግባ። ወሩ ሳያልቅ ሥራው ወደ አንቺ ከተንሸራተተ መልሱን አገኛችሁት። ይህ ውሻ ከ10 እስከ 12 ዓመት ይኖራል፤ ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የሚቀረው ከእናንተ ጋር ነው።

ትንሹን ልጅ በተመለከተ፣ «ቡችላው ሲመጣ ይለምደዋል» አትበሉ። ቡችላ ይዘላል፣ የወተት ጥርሱ እንደ መርፌ ይወጋል፤ ጥርሱን እስኪቀይር፣ ማለትም እስከ ስድስትና ሰባት ወሩ ድረስ፣ ሁሉን ይነክሳል። የሚሮጥና የሚጮህ ልጅ ደግሞ ጨዋታ ይመስለዋል። ፍርሃት የሚለቀው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ የታሰረ፣ የተረጋጋ ውሻ በሩቁ፣ ልጁ እያወራ መቆም በሚችልበት ርቀት ይመልከት። በየጥቂት ቀኑ ትንሽ ቀረብ በሉ። እጁን ይዛችሁ አታስነኩት፣ «ወንድ ልጅ አይፈራም» አትበሉት። እንዳይሮጥ፣ እጁን ወደ ጎኑ አድርጎ እንደ ዛፍ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አስተምሩት፤ ለመንገድ ውሻም ይጠቅመዋል። ቡችላው ቢመጣም ሲበላና ሲተኛ እንዳይነካው፣ ለአንድ ደቂቃም ሁለቱ ብቻቸውን እንዳይቀሩ።

ጤናው ላይ ለባለቤትሽ የምትነግሪው አለ። ፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባሉት በሽታዎች ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ተጀምሮ በየሦስት አራት ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንቱ ይሰጣል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ12 ሳምንቱ ገደማ፣ ከዚያም በዓመቱ ይደገማል። የውሻ ንክሻ ካጋጠመ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ነው። የወጥ ትራፊ አይሰጠው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ። ለአረፋ በግ ሲታረድ ደግሞ ጥሬ ሳንባና ጉበት አይወርወርለት። ውኃ የቋጠረ አካል የበላ ውሻ አንጀቱ ውስጥ ትል ያበቅላል፤ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ወጥቶ በእጅ በኩል ወደ ልጆች አፍ ይደርሳል፤ ለዓመታት ሳይታወቅም ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ከረጢት ያበጃል። እንዲህ ያለው አካል ይቀበር፤ የትል መድኃኒቱንም የእንስሳት ሐኪሙ ባለው ጊዜ ይስጡት።

ልጅሽን ደግሞ አባቷ ያናግራት፤ አያቷ ባሉበት። «ቃል የገባሁልሽ እኔ ነኝ። ከማንም ሳልማከር ነው የቸኮልኩት። አያትሽ አልከለከለችሽም» ይበላት። ታልቅስ፣ ለሁለት ሦስት ቀን ታኩርፍ። በስልክ ወይም በሌላ ስጦታ አታካክሱላት፤ ሐዘኗን እንድትውጠው ታደርጋላችሁ። አያቷን ግን ሰላም ሳትል እንድታድር አትፍቀዱ።

ስለ ቀብዱ፦ ቡችላው አሁን አምስት ሳምንት ገደማ መሆን አለበት፤ ከእናቱ የሚለየው ስምንት ሲሞላው ነውና። ባለቤትሽ በዚህ ሳምንት ደውሎ ቀብዱን ወደ ሚቀጥለው ውልደት ያዛውር። የውሻ እርግዝና 63 ቀን ገደማ ነው፤ ከዚያ ስምንት ሳምንት ሲጨመርበት ቢያንስ አራት ወር ታገኛላችሁ። ሻጩ እምቢ ካለ ቀብዱ ይቅር። ተስማምታችሁ የምታመጡ ከሆነ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመነሳቱ በፊት ባሉት ሦስት ሰዓታት ምግብ አይስጡት። ከደብረ ሲና ቁልቁለት በኋላ ሸዋ ሮቢትና ከሚሴ ሙቀት ስላለ መስኮት ይከፈት፣ ውኃ ይያዝ። ክትባቱን ሳይጨርስ በየመናኸሪያው መሬት አይውረድ፤ የፓርቮ ተሕዋሲ በአፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። የሚሸናው ከራሳችሁ ጋር በያዛችሁት ጋዜጣ ላይ ይሁን።