ጥያቄና መልስ፦ ለሌዘር ድራይቨር መፈተሻ የትኛው ዳዮድ?

ባሕር ዳር ሆናችሁ ኤሌክትሮኒክስ የምትነካኩ፣ ዛሬ ስለ መፈተሻ ሎድ ጠይቁኝ። ቤት የሠራነውን ድራይቨር (ለሌዘሩ አምፔሩን መጥኖ የሚሰጠውን ሰርኪት) ሌዘሩ ላይ ከማሰራችን በፊት በሌዘሩ ፋንታ የምንገጥመውን የዳዮድ ሰንሰለት ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የፖሊ ተማሪ ነኝ። ከዲቪዲ በርነር ያወጣሁት ቀይ ሌዘር አለኝ። ስንት ዳዮድ ልደርድር?

መልስ፦ አራት ዋን ኤን 4007 በተከታታይ፣ መጨረሻው ላይ 1 ኦም ሬዚስተር። አንዱ ዳዮድ 0.7 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ አራቱ 2.8። ቀይ ሌዘርም የሚፈልገው እዚያው አካባቢ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ስድስት አድርግ። ነጭ መስመር ያለበት እግር ወደ ኔጌቲቭ ይዙር። ቴስተሩን ሬዚስተሩ ላይ አድርግ፤ 250 ሚሊ ቮልት ካነበበ 250 ሚሊ አምፔር እየሄደ ነው።

አሁን ዋናውን ስማኝ። ሌዘሩን ከማሰርህ በፊት ባትሪውን ንቀል፤ የመውጫውን ካፓሲተር ሁለት እግሮች አገናኝተህ አራግፍ። ያለ ሎድ የበራ ድራይቨር ካፓሲተሩን ጢም አድርጎ ይሞላዋል። ሌዘሩ ሲነካው ያ ሁሉ ባንዴ ይለቀቅበታል። እኔ አንዱን እንዲህ ገድያለሁ። ለቅጽበት ቦግ አለ፣ ከዚያ እንደ ተራ ኤልኢዲ ፈዞ ቀረ።

ጥያቄ፦ ዳዮዱን ሱቅ አጣሁት።

መልስ፦ የተቃጠለ ቆጣቢ አምፖል ፈልግ። ታቹ ያለችው ቦርድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አራት ዋን ኤን 4007 አለ። መስታወቱን እንዳትሰብር፣ ውስጡ ሜርኩሪ አለበት።

አንድ አባል፦ ከአሮጌ ዕቃ የወጣ ዳዮድ አይታመንም። አዲስ ግዛ።

ሌላ አባል፦ እኔ ከአምፖል በፈታሁት ስሠራ ስንት ጊዜዬ ነው! ዕቃ ሁሉ አዲስ ይገዛል እንዴ?

አንድ አባል፦ ሲነቀል በሙቀት ይጎዳላ።

መልስ፦ ጭቅጭቁ ይብቃ። በቴስተሩ የዳዮድ ምልክት ላይ ለኩት። በአንድ በኩል 0.6 አካባቢ ካነበበ፣ ሲገለበጥ ምንም ካላሳየ ደህና ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ሰማያዊ ነው፣ 1.5 አምፔር። ዳዮዶቹ ጣት ያቃጥላሉ፤ ቮልቱም እየወረደ ነው። ድራይቨሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ዋን ኤን 4007 የ1 አምፔር ዕቃ ነው፤ ባለ 3 አምፔሩን ዋን ኤን 5408 አድርግ። ሬዚስተሩ ላይ 2.25 ዋት ስለሚቃጠል ባለ 5 ዋት ይሁን። ዳዮድ በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ወደ 2 ሚሊ ቮልት ይቀንሳል። ስድስቱ 50 ዲግሪ ቢጨምሩ 0.6 ቮልት ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ቮልቱ ቢወርድ አትደንግጥ። አምፔሩን ተከታተል። ድራይቨሩ ደህና ከሆነ አምፔሩ ንቅንቅ አይልም። አሥር ደቂቃ አቆይተህ እየው። ካፓሲተሩን አራግፍ።

ጥያቄ፦ ሾትኪ ዳዮድስ?

መልስ፦ ይሆናል። ግን የሚይዘው ቮልት ትንሽ ስለሆነ እጥፍ ያህል ትደረድራለህ።

ጥያቄ፦ ድራይቨሬ አልሠራም፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስንት ቮልት ገባ? ስንት ወጣ? ለክተህ ና።

ጥያቄ፦ ማታ ከዳር ሆኜ ወደ ጣና ባበራው እስከ የት ይደርሳል?

መልስ፦ እዚያ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው አለ፤ ዓይኑን ታጠፋዋለህ። ይህን አልመልስም። የፀሐይ መነጽርም አያድንህም፤ ለሌዘርህ ናኖሜትር (ለብርሃኑ የሞገድ ርዝመት) የተሠራውን መነጽር አድርግ።

ጥያቄ፦ ለቀይ ሌዘር ስንት ዳዮድ ነው ያሉት?

መልስ፦ አራት! ከላይ አለ፣ አንብበው። ካፓሲተሩንም አራግፍ።