ኳሱ ሲነጠቅ ማን የት ነበር?

ለኳስ ወዳድ ልጆቼ፤

ባለፈው እሑድ ከቤቴ ጀርባ ባለው ዲኤስቲቪ ቤት አንድ ወጣት አሥራ አንድ የለስላሳ ቆርኪ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ አርሰናልን ሲያሰልፍ አየሁት። ጓደኛው ደግሞ ተቃራኒውን ቡድን በአምቦ ውኃ ቆርኪ ሠርቷል። አንዱ «ሁለት አጥቂ ካልገባ ዋንጫ የለም» ይላል፤ ሌላው «አንድ ይበቃል፣ የመስመር አጥቂዎቹ ወደ ውስጥ ይግቡ» ይላል። ድምፃቸው ቴሌቪዥኑን አሸንፎታል። ሻዬን እስክጨርስ አዳመጥኳቸው። በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ አንድም ቆርኪ ወደ ኋላ አልተመለሰም። ሁሉም ወደ ፊት ይገፋል። ኳስ የሚነጠቅ ቡድን በዚያ ጠረጴዛ ላይ አልነበረም።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰውነት ማጎልመሻ አስተምሬያለሁ፤ ከዚያ ውስጥ አሥራ አራቱን ዓመት ከትምህርት ሰዓት በኋላ ታዳጊ ቡድኖችን አሠልጥኛለሁ። ስሜን የሚያውቅ ጋዜጣ የለም። ብዙ ጊዜ ተሸንፌያለሁ፤ የምጽፍላችሁም ከሽንፈቱ ቆንጥሬ ነው።

ስለ ማጥቃት አጨዋወት መከራከራችሁ ደስ ይለኛል። እኛ በእናንተ ዕድሜ የምንከራከረው ማን እንደሚበልጥ ብቻ ነበር፤ እናንተ ቡድኑ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ትጠይቃላችሁ። ቅር የሚለኝ የጥያቄያችሁ መነሻ ነው። ሁልጊዜ የምትጀምሩት ስንት አጥቂ ይሰለፍ ከሚለው ነው። እኔ ግን ጨዋታን ማየት የተማርኩት በሌላ ጥያቄ ነው፤ ኳሱ ሲነጠቅ ማን የት ነበር?

አርሰናልን ለምትደግፉት ከራሳችሁ ቤት ልጀምር። እስከ 1925 እ.ኤ.አ. ድረስ አንድ አጥቂ ከጨዋታ ውጪ (ኦፍሳይድ) እንዳይባል በእሱና በግብ መስመሩ መካከል ሦስት ተጋጣሚዎች መኖር ነበረባቸው። በዚያ ዓመት ሕጉ ወደ ሁለት ዝቅ አለ። ውጤቱ ጎርፍ ነበር፤ በእንግሊዝ አንደኛ ዲቪዚዮን በአንድ የውድድር ዘመን 1,192 የነበረው የግብ ብዛት በቀጣዩ 1,703 ደረሰ። አሠልጣኙ ኸርበርት ቻፕማን አርሰናልን የተረከበው በዚያው ዓመት ነው። ጥቅምት ላይ ወደ ኒውካስል ሄዶ 7 ለ 0 ተሸነፈ። ከዚያ ሽንፈት በኋላ ቻርሊ ባካን የሚባለው ተጫዋቹ ሲወተውተው የነበረውን ሐሳብ ተቀበለ፤ መሃል ሜዳ ላይ እንደ ልቡ ይዘዋወር የነበረው የመሃል ተጫዋች ወደ ኋላ ወርዶ በሁለቱ ተከላካዮች መካከል ቆመ። መሃሉ ባዶ እንዳይቀር ደግሞ ከአምስቱ አጥቂዎች አንዱ ወደ ኋላ ተሳበ። ከሁለት ቀን በኋላ ዌስት ሃምን 4 ለ 0 አሸነፉ።

አስተውሉልኝ፤ አጥቂ ቀነሱ። ያኔ ቆርኪ የሚደረድር ደጋፊ ቢኖር ኖሮ «ፈሪ አሠልጣኝ!» ብሎ ጠረጴዛውን በደበደበ ነበር። ያው ቡድን በ1930/31 የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫውን ሲያነሣ በ42 ጨዋታ 127 ግብ አስቆጥሯል። ያ ሁሉ ግብ የመጣው ከኋላ ያለውን ቀዳዳ ከመድፈን ከጀመረ ሐሳብ ነው።

የራሴን ኃጢአት ደግሞ ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የታዳጊዎች ውድድር ላይ ለማለፍ ማሸነፍ ነበረብን። አንድ ለአንድ ነን፤ ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። ከሜዳው ዳር የተሰበሰበው ሰው «አጥቂ አስገባ! አጥቂ አስገባ!» እያለ ይጮኻል። ከጯኺዎቹ መካከል የገዛ ወንድሜም ነበር። አማካይ ቦታ ላይ የማሰልፈው አንድ ቀጭን ልጅ ነበረኝ፤ ኳስ ብዙም አይነካም፤ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው «ይሄ ልጅ ምን ይሠራል?» ብሎ የሚጠይቅለት ዓይነት። እሱን አስወጥቼ ሦስተኛ አጥቂ አስገባሁ። ጭብጨባው እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ልጁ ላቡን እየጠረገ አጠገቤ ተቀመጠና ቀስ ብሎ «ጋሼ፣ ያ ስምንት ቁጥር አሁን ነፃ ሆነ» አለኝ። ዝም በል አልኩት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁለት ግብ ገባብን፤ ሁለቱም በዚያ ስምንት ቁጥር እግር በኩል፣ ልጁ ይቆምበት ከነበረው ቦታ። ወንድሜ ማታ ቤት መጥቶ «ተከላካዮችህ ደካማ ናቸው» አለኝ።

ተከላካዮቼ ደካማ አልነበሩም።

ይህን ታሪክ ባለፈው ሳምንት ያስታወሰኝ ከመካከላችሁ አንዱ የ2005 ዓ.ም.ን የአፍሪካ ዋንጫ ሲያነሣ ነው። ትንንሽ ልጆች ነበራችሁ፤ እኛ ግን ከ31 ዓመት በኋላ ብሔራዊ ቡድናችንን በአፍሪካ ዋንጫ ለማየት ሥራ ፈትተን ነበር። ጥቅምት 4 ቀን አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን፣ ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 የተሸነፍነውን፣ ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ፣ ከሜዳ ውጪ ባገባነው ግብ ብልጫ ገልብጠን ያለፍንበት ቀን ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል። ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር ነበር። ግብ ጠባቂያችን በቀይ ካርድ ወጥቶ በአሥር ሰው እየተጫወትን አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። በአሥር ሰው ያን ያህል ያማርንበት ምክንያት ሁሉም ሰው ከኋላው ያለውን ቦታ ስለጠበቀ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ጨዋታ ጥር 17 ቀን ከቡርኪና ፋሶ ጋር ነው። አንድ ለባዶ እየተመራን፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀር የእነሱ ግብ ጠባቂ በቀይ ካርድ ወጣ። በነበርኩበት ቤት ሰው ሁሉ ከወንበሩ ተነሣ። እኔም፣ ያ ቀጭን ልጅ የመከረኝ ሰውዬ፣ እጄን አፌ ላይ አድርጌ «ሁላችሁም ውጡ! አጥቁ!» ብዬ ጮኽኩ። ከዚያ በኋላ አሥር ሰው የቀረው ቡድን ሦስት ተጨማሪ ግብ አገባብን፤ 4 ለ 0። የሰው ብልጫ ያለው ቡድን ፊቱን ብቻ ሲያይ ከጀርባው የሚከፈተው ሜዳ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ እንደዚያ ቀን አይቼ አላውቅም። ተጫዋቾቹን አልወቅስም፤ ልባቸው ወደ ፊት ሲሮጥ የእኛም ልብ አብሮ ሮጧል።

ስለ ቡድናችሁ ተስፋ ስትነጋገሩ ደግሞ አንድ ነገር ምከረን ብትሉኝ ደብተር ግዙ እላችኋለሁ። እኔ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ትንበያዬን እጽፋለሁ። ከጨዋታ በፊት ነው የምጽፈው፤ በኋላ የተጻፈ አይቆጠርም። ሰው ውጤት ካየ በኋላ «እኔ ብዬ ነበር» ማለት እንደሚወድ ከራሴ አውቃለሁ። ደብተሩን ስገልጥ ግን ያላልኩትን ብዬ እንደነበር፣ ያልኩትን ደግሞ እንደረሳሁት አያለሁ። ሚስቴ አንዳንዴ ታነበውና ትስቅብኛለች።

በ2016 እ.ኤ.አ. የካቲት 14 ቀን የጻፍኩት እነሆ፤ «ዋንጫው የአርሰናል ነው። አለቀ።» ያን ቀን አርሰናል ሌስተርን በባከነ ሰዓት በተገኘ ግብ 2 ለ 1 አሸንፎ ነበር። መስከረም ላይም በሌስተር ሜዳ 5 ለ 2 ቀጥቶታል። ሌስተር በዚያ የውድድር ዘመን በሊጉ የተሸነፈው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱ በአርሰናል እጅ። ታዲያ ከእኔ የበለጠ ማስረጃ ማን አለው? በግንቦት ግን ሌስተር በ81 ነጥብ ዋንጫውን አነሣ፤ አርሰናል በ71 ሁለተኛ ሆነ። ከዚያች የካቲት እሑድ በኋላ ሌስተር በቀሩት 12 ጨዋታዎች ስምንቱን አሸንፎ በአራቱ አቻ ወጥቷል።

የተሳሳትኩት የት ላይ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወስዶብኛል። እንደ ሁሉም ሰው የማየው የሌስተር አጥቂዎችን፣ የቫርዲን ፍጥነትና የማህሬዝን ግራ እግር ነበር። ከኋላ የሆነውን አላየሁም። ሌስተር በመጀመሪያዎቹ 19 ጨዋታዎች 25 ግብ ገብቶበታል፤ በሁለተኛዎቹ 19 ግን 11 ብቻ። አሠልጣኙ ራኒዬሪ ግብ ሳይገባባቸው ለሚወጡበት የመጀመሪያ ጨዋታ ፒዛ እንደሚጋብዝ ቃል ገብቶ ነበር፤ ጥቅምት ላይ ሲሳካላቸው ወስዶ ራሳቸው እንዲጋግሩት አደረገ። ደስ የሚል ሽማግሌ ነው። መጋቢት ላይና ሚያዝያ መግቢያ ላይ አራት ጨዋታ በተከታታይ 1 ለ 0 ሲያሸንፉ እኔ «ዕድለኞች» እያልኩ እጽፍ ነበር። አራት ጊዜ በተከታታይ የሚመጣ ዕድል ሥራ መሆኑን ማን ይንገረኝ!

ከአገራችን ሊግም ምሳሌ አለ። በ2013 ዓ.ም. አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን የአንድ ዘመን ክብረ ወሰን ሰበረ። ዋንጫው የሄደው ወደ ፋሲል ከነማ ነው፤ ቡና ሁለተኛ ሆነ። የቡና ደጋፊ ጎረቤቴ ይህን ሳነሣበት ቡና ሳያፈላልኝ ያስወጣኛል፤ እኔ ግን በልጁ ላይ ቅንጣት ነቀፋ የለኝም። የአጥቂውን ግብ ቆጥሮ ዋንጫ የሚተነብይ ሰው ግማሹን ሜዳ ብቻ እያየ ነው ማለቴ ነው።

ግማሹን ሜዳ ማየታችሁ የእናንተ ጥፋት ብቻ አይደለም። ካሜራው ኳሱን ይከተላል፤ ኳሱ ግራ ሲሆን የቀኙ ተከላካይ የት እንደቆመ አያሳያችሁም። አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ወይም ሚስማር ተራ የተቀመጠ ሰው ሃያ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያያል፤ እኛ ጨዋታ የተማርነው እዚያ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን፣ ቆሎ እየቆረጠምን ነው። ስለዚህ በወር አንዴ እንኳ ከሠፈራችሁ ሜዳ ዳር ቁሙ። የታዳጊዎች ጨዋታ ይሁን፤ ደረጃው ግድ የለም። አሥር ደቂቃ ኳሱን ተዉትና አንድ ተጫዋች ብቻ ተከተሉ፤ በተለይ ምንም የማይሠራ የሚመስለውን። መጀመሪያ ይሰለቻችኋል። ከዚያ በኋላ ግን ያንን ልጅ አጥቂው ለምን እንደሚጠላው ይገባችኋል።

ሁለት ነገር በአጭሩ ልበል። ውርርድ ቤት ገብታችሁ በትንበያችሁ ላይ የቤት ኪራይ ስታስይዙ አያለሁ፤ ደብተር ላይ ስትሳሳቱ የምታጡት አንድ መስመር ቀለም ነው፣ እኔም በሠላሳ ዓመት ከዚያ በላይ አላጣሁም። ሌላው ደግሞ፣ በአሰላለፍ የጀመረ ክርክር የሰው እናት ላይ ሲደርስ ሰምቻለሁ። እዚያ ሲደርስ ሒሳቤን ከፍዬ እወጣለሁ፤ እናንተም ውጡ።

ቆርኪ ለምትደረድረው ልጅ ደግሞ፤ አልተናደድኩብህም፣ እንዲያውም ልጄ ብትሆን እመኛለሁ። በሚቀጥለው እሑድ ቀድሜ መጥቼ ካንተ ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። ቡድንህን እንደ ልብህ ወደ ፊት ግፋ፤ እኔ አንድ ቦታ ላይ ኳሱን እነጥቅሃለሁ፣ ከዚያ ቆርኪዎቹን ሳትነካ እያንዳንዱ የት እንደቆመ ትነግረኛለህ። የጨዋታውን ውጤት ጽፌ ወረቀቱን አጥፌዋለሁ፤ አንተም ጽፈህ ና። የተሳሳተው ሻይ ይከፍላል፤ ሁለታችንም ከተሳሳትን ደግሞ የአምቦ ውኃው ጓደኛህ ይጋብዘናል።