ለሰርግ ሳይሆን ለመልስ ክፈቺው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከስራ ስወጣ ባቡር ላይ ነው ያነበብኩት። ቤይሩት ስምንት ዓመት ሰርተሽ ስትመለሺ ማዳምሽ አንድ ቀይ ወይን ሰጠችሽ። ሻቶ ሙዛር፣ 1998 ይላል። አዲስ አበባ ቡፌ ላይ ቆሟል። ወንድምሽ በጥር ያገባል፣ እና ልሽጠው፣ ላቆየው ወይስ ለሰርጉ ልክፈተው ነው ያልሽው። ከስር የጻፉት አብዛኞቹ «ወይን ባረጀ ቁጥር ይጣፍጣል፣ እንዳትነኪው» ብለውሻል። እኔ ለንደን ምግብ ቤት ውስጥ አስራ አንድ ዓመት ወይን ስቀዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ በዚህ አልስማማም።

በቅድሚያ 1998 በፈረንጅ ነው። አንዱ በኛ ቆጥሮት «ገና ልጅ ነው» ማለቱ አስቆኛል። ወይኑ የተለቀመው በኛ መስከረም 1991 አካባቢ ነው። ልጅስ አይደለም።

ባረጀ ቁጥር የሚባለው ነገር ደግሞ ለጥቂት ወይኖች ብቻ ነው የሚሰራው። ዓለም ላይ ያለው አብዛኛው ወይን በተሰራ በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ የተሰራ ነው፣ እንደ ጉደር ገዝተሽ ማታውኑ የምትከፍቺው። ብታቆዪው ይሞታል እንጂ አይጣፍጥም። ያንቺ ግን ከጥቂቶቹ ነው፣ ማዳምሽ ቀልድ አልሰጠችሽም።

ሙዛር የሆሻር ቤተሰብ ወይን ነው። ጋስቶን ሆሻር በ1930 ጀመረው (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው)፣ ከቤይሩት ሰሜን ጋዚር በምትባል ቦታ፣ አንድ አሮጌ ግንብ ቤት ውስጥ። ልጁ ሴርጅ ከ1959 ጀምሮ ጠማቂው ሆነ። የወይን ማሳው ግን ጋዚር አይደለም፣ ከተራራው ማዶ ቤቃ ሸለቆ ነው፣ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። ስለዚህ በየዓመቱ ፍሬው በጭነት መኪና ተራራ ተሻግሮ ነው የሚመጣው። አሁን ከ1975 እስከ 1990 ያለውን የእርስ በርስ ጦርነት አስቢው። መንገዱ በኬላ በኬላ ተቆራርጦ፣ አንዱ ሚሊሻ ያሳለፈውን ሌላው እያስቆመ፣ እነሱ ወይን ይለቅማሉ! በ1976 ጭራሽ አልቻሉም፣ የዚያ ዓመት ሙዛር የለም። በ1984 ደግሞ መኪኖቹ መንገድ ላይ ለቀናት ቆይተው ፍሬው ገና ጋዚር ሳይደርስ መፍላት ጀመረ። እንዲህም ሆኖ ጦርነቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ጠምቀዋል።

ከጦርነቱ በፊት ወይናቸውን በብዛት የሚጠጣው የሀገሩ ሰው ነበር። ገበያው ሲሞት ሴርጅ ጠርሙሱን ይዞ እንግሊዝ መጣ፣ በ1979 ብሪስቶል ከተማ በተደረገ የወይን ትርኢት ላይ ስሙ ወጣ፣ በ1984 ዲካንተር የሚባለው መጽሔት የመጀመሪያውን የዓመቱ ሰው ሽልማት ሰጠው። እዚህ ለንደን ውስጥ ያረጀ ሙዛር የሚፈልግ ደንበኛ የማይጠፋው ለዚህ ነው። ሴርጅ በ2014 መጨረሻ አርፏል፣ ቤቱን የያዙት ልጆቹና ቤተሰቡ ናቸው።

አሰራሩም ትዕግስት ነው። ቀዩ ካቤርኔ ሶቪኞን፣ ሳንሶና ካሪኛን ከሚባሉ ሦስት የወይን ዓይነቶች ነው። ለየብቻ በሲሚንቶ ገንዳ ይፈላሉ፣ ዓመት ያህል በእንጨት በርሜል ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ተደባልቀው ይታሸጉና ጓዳ ውስጥ ይተኛሉ። ለገበያ የሚወጣው በሰባተኛው ዓመት ነው። ማዳምሽ ሱቅ ገዝታው ከሆነ ከ2005 ገደማ ወዲህ ነው ማለት ነው።

ፎርጅድ ይሆን ወይ ላልሽው፣ አልሰጋም። አጭበርባሪ የሚለፋው እጅግ ውድ በሆኑት ላይ ነው። ሩዲ ኩርኒያዋን የሚባለው ሰውዬ በ2014 አሜሪካ ውስጥ አስር ዓመት የተፈረደበት የፈረንሳይ ብርቅ ወይን እያስመሰለ ሲሸጥ ኖሮ ነው። ከነቁበት አንዱ ሎራን ፖንሶ ነው፣ ፈረንሳይ ውስጥ ቡርጎኝ የሚባለው የወይን አገር ጠማቂ። ክሎ ሳን ዴኒ የሚባለው የቤተሰቡ ወይን የ1945 ነው ተብሎ ኒውዮርክ ለጨረታ ሲቀርብ ሰማ። ቤተሰቡ ግን ያንን ወይን መስራት የጀመረው በ1980ዎቹ ነው! ሰውዬው ራሱ አውሮፕላን ተሳፍሮ ጨረታው ቦታ ድረስ ሄደ።

መሸጡን እርሺው። ያንቺ ጠርሙስ ቤት የሚያሰራ ገንዘብ አያመጣም፣ ገዢ ደግሞ የት ተቀምጦ እንደኖረ ይጠይቅሻል። «ቡፌ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ» ስትይው ስልኩን ይዘጋል። ዛሬውኑ አውርጂውና ጨለማ ውስጥ አስተኚው፣ ቁምሳጥን ስርም ቢሆን፣ ፀሐይና ምድጃ የማይደርስበት። የሚተኛው ቡሹ እንዳይደርቅ ነው። የአዲስ አበባ ብርድ እዚህ ላይ ይረዳሻል፣ ቆላ ከተማ ብትሆኚ ኖሮ ተስፋ አልሰጥሽም ነበር።

ለሰርጉ አትክፈቺው። አንድ ጠርሙስ ስድስት ብርጭቆ ነው፣ አምስት መቶ ሰው መሃል ማን ቀመሰው ማን አልቀመሰው። ለመልስ ወይም ለቤተሰብ እራት አድርጊው። ከዶሮ ወጥ ጋር ግን በጭራሽ። በርበሬው ያረጀ ወይን ይገድላል፣ ለእሱ ጠጅ አለልሽ። ለስለስ ያለ የበግ ጥብስ ወይም አልጫ ይስማማዋል።

አከፋፈቱ ላይ እኔ የሰራሁትን አትስሪ። ስራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ያረጀ ሙዛር አዘዙ። ከምድር ቤት እንደ ኮካ ጠርሙስ እያወዛወዝኩ አምጥቼ ቀዳሁላቸው። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ነገር አምቡላ ይመስል ነበር። ሰውየው ምንም አላሉኝም፣ ብርጭቆውን መብራት ላይ አንስተው አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ጆሮዬ እስኪግል ነው ያፈርኩት። ጠርሙሱን ከደሞዜ ቆረጡት፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

ስለዚህ ከሁለት ቀን በፊት አቁሚው፣ ዝቃጩ ይውረድ። ቡሹ ሊፈረፈር ይችላል፣ መክፈቻውን ቀስ አድርገሽ እስከ ታች አስገቢው፣ ከተሰበረም አትደንግጪ፣ በንጹህ ማጥለያ ይወጣል። አንድ ሰው ከጠርሙሱ አንገት ስር የስልክ መብራት ይያዝልሽ፣ አንቺ ሳታቋርጪ በቀስታ ወደ ጆግ ገልብጪ፣ ጥቁሩ ዝቃጭ አንገቱ ጋ ሲደርስ አቁሚ። መጀመሪያ ስትቀምሺው ትንሽ አቼቶ አቼቶ፣ ትንሽ ቆዳ ቆዳ ሊልሽ ይችላል። እንዳትደፊው፣ ሙዛር እንደዚያ ነው። ግማሽ ሰዓት ስጪውና ድገሚው። ያኔም አቼቶ ብቻ ከሆነ ሞቷል፣ ለሰላጣ።

ከዚያ በፊት ግን የአንገቱን ፎቶ ላኪልኝ። ወይኑ ከቡሹ ስር ምን ያህል እንደወረደ ልየው፣ ወደ ትከሻው ከወረደ ጥርንም ባትጠብቂ ይሻላል።